ኪኑዮና የተከለከለው ቃል

ኪኑዮ ካጂታኒ ከምትሸጠው ዓሣ ይልቅ ዝም ያለች ሴት ነበረች። ይህን የምለው አይቼ ነው። ሱቄ ፊት ለፊቷ ነው፤ በሩዝ ፉርሽካ የተቀበረ ፍጅል እሸጣለሁ፤ ፍጅል ደግሞ ሩጫ የማይፈልግ ንግድ ስለሆነ ሰው ለማየት ጊዜ ይተርፈኛል። ባሏ ጌንጂሮ ከፊት ቆሞ ሲጮኽ ይውላል፤ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ዓሣ ስትሰነጥቅ ትውላለች። ከመጋረጃው ሥር የሚታየው የጎማ ቦት ጫማዋ ብቻ ነበር። ጌንጂሮ ወንደላጤ መስሎት የእህቱን ልጅ ሊድርለት ያሰበ አዲስ ደንበኛም አልጠፋም።

ዝምታው ግን አብሯት የተወለደ አይደለም። ኪኑዮ የምሥራቅ ሰው ናት፣ የዓሣ አስጋሪዎች አገር የቾሺ ልጅ። አባቷ ወደቡ ላይ ጨረታ ይጠራ ነበር፤ ጉንፋን ሲይዘው በእሱ ፈንታ እሷ ትጠራ ነበር አሉ፣ ያውም ባሕር ላይ ያሉ ጀልባዎች እስኪሰሙት ድረስ። ወደ ኦሳካ ያመጣት ትዳር ነው። ከፊት ወደ ኋላ የወሰዳት ደግሞ አንድ ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ኦሳካዎች «ግዙ» ለማለት «ኮቴ» እንላለን፤ የፈረስ ኮቴ እንዳይመስላችሁ። በኪኑዮ አገር ግን «ግዙ» ማለት «ካቴ» ነው። ይሄው «ካቴ» በእኛ ጆሮ ወይ «አሸንፉ» ነው ወይ «ተዋሱ» ነው፤ «ግዙ» ግን በምንም ተአምር አይሆንም። ሙሽራዋ በመጣች ሰሞን ሱቁ ፊት ወጥታ በዚያ የወደብ ድምፅዋ «ካቴ! ካቴ!» ስትል ገበያው ሥራ ፈታ። «ማንን?» ይላታል አንዱ። «ማንን ነው የምናሸንፈው፣ ሙሽሪት?» ልጅ አዋቂው በሱቁ ባለፈ ቁጥር «ማንን?» እያለ ማለፍ ልማዱ ሆነ።

የሱቁ ደንበኛ እማማ ኢሶጋይ ግን ቃሉን በሁለተኛው ፍቺው ወሰዱት። ያኔ ገና እማማ አልተባሉም፤ ጠባያቸው ግን የዛሬው ነው። ለሠርግና ለደስታ ቀን የሚበላውን ትልቁን ቀይ ዓሣ አንስተው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱና «ተዋሱ ካልሽማ እዋሳለሁ» ብለው ሄዱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሱ። አጥንቱን ከራሱ እስከ ጭራው ሳይሰበር፣ ታጥቦና በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «መልሻለሁ፤ ምስጋናዬ ብዙ ነው» አሉ። ዋጋውን ያን ጊዜውኑ ከፍለዋል፤ በሰው አፍ የቀረው ግን አጥንቱ ነው። ገበያው ለዓመት ሳቀበት።

ጌንጂሮ መሳቂያ መሆን አይወድም። «አንደበትሽ እስኪቃና ከኋላ ሁኚ» አላት። አንደበቷ አልተቃናም። ልጆቿን ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ድራ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ከመጋረጃው ጀርባ ቆየች። አንድ ቀን «እንደኛው ኮቴ ብትይና ብትገላገዪ ምን አለበት?» አልኳት።

«ሞክሬዋለሁ እኮ» አለችኝ ቢላዋዋን እየሳለች። «ስለው ዓሣው የኔ አይመስለኝም።»

እንዲህ እያለን የቤዝቦል ቡድናችን፣ የኦሳካ ከርከሮዎች፣ ሊጋቸውን ያሸነፉበት ጥቅምት መጣ። ቤዝቦል ሁለት ሊግ አለው፤ ሁለቱ እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች ዓመቱን ሙሉ ሳይተያዩ ይከርሙና በመጨረሻ የየሊጉ አሸናፊ ወጥቶ ይገጥማል፤ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ የአገሩ ሻምፒዮን ይባላል። የዚያኛው ሊግ አሸናፊዎች የምሥራቆቹ ሽመላዎች ነበሩ። ሽመላዎቹ ዋንጫ እንደ ሰሃን የሚደረድሩ ናቸው። የእኛዎቹ ከርከሮዎች እዚህ ከደረሱ ግማሹ ደጋፊ ሸብቷል፣ ግማሹ ሞቷል። ጌንጂሮ ከሸበቱት ወገን ነው።

ያኔ ግጥሚያው የሚደረገው በቀን፣ በሥራ ሰዓት ስለነበር በየሱቁ ሬዲዮ ተከፍቶ እጅ ይመዝናል፣ ጆሮ ኳስ ይጫወታል። በመጀመሪያው ጨዋታ ከርከሮዎቹ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። ጌንጂሮ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። እማማ ኢሶጋይ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው መጡና አንድ እፍኝ ሳርዲን እያሳዩ «አለቃ፣ ማኬቴ» አሉት።

ማኬቴ የኦሳካ ሴት ከእናቷ ጡት ጋር የምትጠባው ቃል ነው። ዋጋ ቀንስልኝ ማለት ነው። በቁሙ ሲፈታ ግን «ተሸነፍልኝ» ነው። ለእኛ ዋጋ መቀነስና መሸነፍ አንድ ቃል ናቸው፤ ለነጋዴ ደግሞ አንድ ሕመም ናቸው። ጌንጂሮ ልቡ ሬዲዮው ጋ ስለነበር አፉ በልማድ «እሺ፣ ማኬታ» ብሎ መለሰ፤ ቀነስኩ ማለቱ ነው፣ ተሸነፍኩ ማለቱም ነው። ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ የሽመላዎቹ መቺ ኳሷን መትቶ ከስታዲየሙ አስወጣት። ከርከሮዎቹ ተሸነፉ።

ጌንጂሮ ሳርዲኑን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «ማነው አሁን ተሸነፍ ያለው?» አለ።

«ምነው አለቃ፣ እኔ ያልኩት ዋጋውን ነው» አሉ እማማ።

«ከርከሮዎቹ በምን ያውቃሉ? ሰው ተሸነፍ ሲል ሰሙ፣ ተሸነፉ።»

በማግስቱ ዓሣ ቤቱ ደጃፍ ላይ በወፍራም ብሩሽ የተጻፈ ወረቀት ተሰቀለ፦ «ግጥሚያው እስኪያልቅ በዚህ ቤት ያ ቃል አይነገርም። ነገሩም አይደረግም።» ነገሩ ያለው ቅናሽን ነው። ኦሳካ ውስጥ በመጀመሪያ የተጠራውን ዋጋ ከፍሎ መሄድ ነውር ነው፤ እናት ከሰማች ታለቅሳለች። ሴቶቹ ግን ለከርከሮዎቹ ሲሉ ነውሩን ተሸከሙት። ሁለተኛውን ጨዋታ ከርከሮዎቹ አሸነፉ። ጌንጂሮም ዕድሉ እንዳይታጠብ ብሎ የዕለቱን ሽርጥ ላለማጠብ ማለ። የዓሣ ነጋዴ ሽርጥ ነው እንግዲህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠፈሩ ድመቶች እሱ በሄደበት ይሄዱ ጀመር።

እማማ ኢሶጋይ ብቻ እጃቸውን አልሰጡም። በየቀኑ አዲስ መንገድ ፈልገው ይመጣሉ። «አለቃ፣ ያችን ቃል ስላላልኳት ስንት ትተውልኛለህ?» ይሉታል። ሌላ ቀን ደግሞ «ይቺ ሳርዲን አርጅታለች፤ ዕድሜዋን አስብላት» ይሉታል።

«እማማ፣ ቃሉም ነገሩም ክልክል ነው።»

«እና ምን ልበልህ? አሸንፍና ቀንስ?»

«አሸንፍ ይበሉና ይክፈሉ።»

ሦስተኛው ጨዋታ ግን ቃሉ ሳይነሳ፣ ዋጋውም ሳይወርድ ከርከሮዎቹ ተሸነፉ። ጌንጂሮ የገበያችንን ጃንጥላ ሻጭ ሳይቀር መረመረ፤ ማንም ቃሉን አላለም። ከዚያ እኔ ዘንድ መጥቶ ፍጅል በርሜሌ ላይ ተቀመጠ። ሽርጡ ከፍጅሌ በልጦ ይሸት ነበር።

«አለመሸነፍ ብቻውን ማሸነፍ አይደለም» አለኝ እንደ መነኩሴ። «ተሸነፍ የሚለው ቃል ያን ያህል ከሠራ፣ አሸንፍ የሚለውስ?» ዞሮ መጋረጃውን አየ። «ኪኑዮ ያን ቃሏን ታስታውሰው ይሆን?»

«ገበያው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ እሷ ትረሳዋለች?» አልኩት። በሆዴ ግን ተናድጄ ነበር። ሃያ ዓመት ያፈረበትን ቃል ዛሬ ለኳስ ሲል ሊዋሰው ነው።

ሄዶ መጋረጃውን ገለጠ። «ኪኑዮ፣ ነይ ውጪ።»

«የት?»

«ፊት። ያን የአገርሽን ቃል ጥሪው።»

ኪኑዮ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንደበቴ ተቃና?» አለችው።

«አልተቃናም። የሚፈለገው ጠማማው ነው» አለ ጌንጂሮ። ቀጥሎም ጣቱን ቀስሮ «ግጥሚያው እስኪያልቅ ብቻ» አላት።

እጇን ታጥባ፣ ራሷን በነጭ ጨርቅ አስራ ወጣች። መጀመሪያ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ከዚያ «ካቴ!» አለች። የገበያችን ጣሪያ ላይ የሚያድሩት እርግቦች ተነሥተው በረሩ። ያ የአባቷ ወደብ ድምፅ አንድም ሳይጎድል እዚያው ነበር። ጃንጥላ ሻጩ ከልማዱ የተነሣ «ማንን?» ሲል ጌንጂሮ «ሽመላዎቹን ነዋ! ሌላ ማንን ይሆናል?» ብሎ ጮኸበት። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ መሰለኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አራተኛውን ጨዋታ ከርከሮዎቹ አሸነፉ። አምስተኛውንም አሸነፉ። ዓሣውም ከጨዋታው ቀድሞ ያልቅ ጀመር፤ ሰው ከሌላ ሠፈር ድምፅዋን ሊሰማ እየመጣ፣ ባዶ እጁን መመለስ እያፈረ ይገዛል። ያውም ቅናሽ ሳይጠይቅ። አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረን። ገበያው በዓል መሰለ። ኪኑዮ ግን ፍጅል ልትገዛ መጥታ ፊቷ ጥቁር ብሏል።

«ምነው አንቺ፣ ቀጣዩን ካሸነፉ እኮ ሻምፒዮን ሆንን» አልኳት።

«ቀጣዩን ካሸነፉ አለቀ» አለች። «ካለቀ እኔ የት ነኝ?»

ሁለታችንም መጋረጃውን አየነው። ፍጅሉን ጠቀለልኩላት።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ከማን ወገን ነሽ?» አልኳት። «ከከርከሮዎቹ ነሽ ከሽመላዎቹ?»

«ከሰባተኛው ጨዋታ» አለችኝ።

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ስድስተኛው ጨዋታ ከርከሮዎቹ እየመሩ መጨረሻው ዙር ደረሰ። ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እማማ ኢሶጋይ ይህችን ሰዓት የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ መጥተው ኪኑዮ ፊት ቆሙ፣ አንዷን ሳርዲን በጭራዋ አነሡ፣ ምንም ሳይናገሩ አፍጥጠው አዩዋት።

«አይቻልም እማማ፤ ያውቃሉ» አለች ኪኑዮ።

«እኔ ምን ወጣኝ? ዓይኔ ነው ያለው።»

ኪኑዮ ሬዲዮውን አየች። ባሏን አየች። ሳርዲኗን ተቀብላ አገላብጣ አየች። ከዚያ እንደ ዜና አንባቢ በጠራ በምሥራቅ አንደበቷ «እሺ እማማ፣ ማኬማስ» አለች። እቀንሳለሁ ማለት ነው። እንሸነፋለን ማለት ነው። ገበያው ሁሉ ሰማ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ፤ የጌንጂሮን ፊትም ቅቤ የሚያለሰልሰው አልነበረም። ሬዲዮው ውስጥ የከርከሮዎቹ ወርዋሪ እጁ ዛለ፤ ሽመላዎቹ አንዱን ነጥብ በሌላው ላይ ደርበው ጨዋታውን ወሰዱት።

ጌንጂሮ በረዶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። «ምንድነው ያልሽው?»

«ሳርዲኗ ዓይኗ ደፍርሶ ነበር» አለች ኪኑዮ። «የደፈረሰ በሙሉ ዋጋ አይሸጥም። አንተው ነህ ያስተማርከኝ።» ይህን ብላ ሳርዲኖቹን ለመደርደር አጎነበሰች። እኔ በወዲህ በኩል ስለነበርኩ የከንፈሯ ዳር ፈገግ ሲል አየሁት። የአፍ ወለምታ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ነጋዴው ሁሉ ዓሣ ቤቱ ደጅ ተሰብስቦ ፍርድ ተቀመጠ። ጃንጥላ ሻጩ «እሷ እኮ የዚያ አገር ሰው ናት፤ ሽመላዎቹ የላኳት ብትሆንስ? ወደ ኋላ ትግባ» አለ።

«ሃያ ዓመት ቀድመው ነው የላኳት?» አልኩ እኔ።

ጌንጂሮ ሽርጡን እያሻሸ አሰበ። «አራተኛውንና አምስተኛውን ማን ነው ያሸነፈልን?» አለ።

«እሷ» አልን።

«ስድስተኛውን ማን አስበላን?»

ጌንጂሮ ዞሮ እማማ ኢሶጋይን አየ። እማማም በጣም ተቆጡ፤ ቃሉን እንዳላሉ በሟች ባላቸው ማሉ። ሆኖም ፍርዱ ጸና፦ ኪኑዮ ትጮኻለች፤ እማማ ኢሶጋይ ጨዋታው እስኪያልቅ የእኔን ፍጅል በአፋቸው ይዘው ይቆማሉ። ወፍራሙን መርጬ ሰጠኋቸው። ጎርሰውም «ጨው አብዝተሽበታል» ለማለት ሲታገሉ በግልጽ ይታይ ነበር።

ጌንጂሮ ለሰባተኛው ጨዋታ ድል ብሎ አንድ ትልቅ ቀይ ዓሣ ገዝቶ መሐል በረዶው ላይ አጋደመው። ኪኑዮ ከጠዋት ጀምሮ ጠራች። እኩለ ቀን ላይ ድምፅዋ ሻከረ፤ አላቆመችም። ሌላው ሰው ለከርከሮዎቹ የምትጮኽ ይመስለዋል። እኔ ግን ለራሷ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ የቀራት ቀን ያ ነው። የሚገዛ ደግሞ የለም፤ ሁሉም ጆሮ ብቻ ሆኗል።

መጨረሻው ዙር ላይ ሽመላዎቹ በአንድ ነጥብ ይመራሉ፤ ከርከሮዎቹ ሊደርሱባቸው አንድ ሯጭ ወደ ነጥቡ አስጠግተዋል። የመጨረሻው መቺ መታ። ኳሷ ወደ ላይ ወጣች አለ ሬዲዮው፤ እኛም በሙሉ የገበያው ጣሪያ ሥር ትመጣ ይመስል አንጋጠን አየን። ወደ ላይ በጣም ብዙ ወጣች፤ ወደ ፊት ግን አልሄደችም። አንዱ ሽመላ ከሥሯ ቆሞ ተቀበላት። አለቀ።

ጌንጂሮ ሬዲዮውን ዘጋ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ዘጉ። የበረዶው ውኃ ወደ ባልዲው ሲንጠባጠብ ይሰማል። ጌንጂሮ በርጩማ ላይ ወጥቶ ወረቀቱን ነቅሎ ወረደ፤ ወደ ሚስቱ ሳይዞር «በቃ፣ አለቀ» አለ።

ኪኑዮ ገባት። ራሷ ላይ ያሰረችውን ጨርቅ ፈታች። ወደ መጋረጃው ሄደች፣ በእጇ ገለጠችው። ከዚያ እዚያው ቆመች። ጨርቁን መልሳ አሰረችና ወደ ፊት ተመለሰች፤ እግሯን አንፈራጥጣ «ካቴ!» አለች።

ለቀስተኛ ፊት እስክስታ እንደ መውረድ ነበር። ጃንጥላ ሻጩ እንኳ «ማንን?» አላለም። ሁሉም ሰው ጌንጂሮን ያያል። እማማ ኢሶጋይ ፍጅሉን በግድ ዋጡት፤ በሰው መሐል ሰንጥቀው አልፈው ቀዩን ዓሣ በጣታቸው ነኩ። ጌንጂሮን አላዩትም፤ ያዩት ኪኑዮን ነው።

«ማኬቴ» አሉ።

ኪኑዮም ጌንጂሮን አየችው። ጌንጂሮ እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየ፣ ለደስታ የገዛውን ዓሣ አየ፣ ሚስቱን አየ። ያን የገማ ሽርጥ ከወገቡ ፈትቶ ሣጥኑ ላይ ጣለው።

«ማኬታ» አለ።

ዋጋው ወረደ ማለት ነው። ከርከሮዎቹ ተሸነፉ ማለትም ነው። ግን ሲናገር ዓይኑ ሚስቱ ላይ ነበር፣ እሷም ቃሉን ከነሦስት ፍቺው ተቀበለችው።

እማማ ኢሶጋይ ዓሣውን ዘንቢላቸው ውስጥ እያስገቡ «አጥንቱን ልመልስልሽ?» አሏት።

«ይመልሱት፤ ለሾርባ ይሆነኛል» አለች ኪኑዮ።

በማግስቱ ሱቄን ስከፍት ከመጋረጃው ሥር የጎማ ቦት ጫማ አየሁና እንግዲህ መልሶ አስገባት አልኩ። ልብ ብዬ ሳይ ግን ጫማው ትልቅ ነው። ከውስጥ አንድ ሰው ሳርዲን እየረገመ ይሰነጥቃል፤ ሃያ ዓመት ያልያዘው ቢላዋ ጣቱን ሳይነካው አልቀረም። ከውጪ ነጭ ጨርቅ ያሰረችው ሴት ሚዛኗን አስተካክላ «ካቴ!» ትላለች።

ጃንጥላ ሻጩ ሱቁን ሊከፍት ሲያልፍ «ማንን?» አላት።

ኪኑዮ መመዘኗን ሳታቋርጥ በአገጯ ወደ መጋረጃው ጠቆመችና «እሱን» አለችው።